ልጄ የገዛውን ፈንድ መልሼ ልግዛ ስል

በደሉ ይህ ነው፤ ሌላውን ከማውራቴ በፊት በግልጽ ተጽፎ ይቀመጥልኝ። ልጄ በላቡ ባገኘው ደመወዝ ውጭ አገር የገዛው የአክሲዮን ፈንድ ነበረው። ሲሞት ፈንዱ ተሸጠና ገንዘቡ በዶላር ሆኖ ለሴት ልጁ አርባ ምንጭ ወዳለ ባንክ ተላከ። እኔ አያቷና ሞግዚቷ፣ ያንኑ ፈንድ በዚያው ገንዘብ ለዚያችው ልጅ መልሼ ልግዛ ስል አይቻልም ተባልኩ። ዶላሩን አልሰረቅሁትም። ከመንግሥት ካዝናም ስጡኝ አላልኩም። ልጄ ሞቶ የመጣ ገንዘብ ነው። የተከለከልኩትም ትንሽ ገንዘብ ያለኝ፣ እዚሁ አገሬ ውስጥ የምኖር ሰው በመሆኔ ብቻ ነው።

ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ከገበያ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስና ከሰው ጋር ስከራከር ተማርኩት። ኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ ማሳ አለኝ። አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ባለው ግቢዬ ደግሞ ሁለት ክፍል አከራያለሁ። አማርኛ የአፍ መፍቻዬ ስላልሆነ አንዳንዴ ወንዱን አንቺ፣ ሴቷን አንተ እላለሁ። ሒሳብና ፍትሕ ላይ ግን አልሳሳትም።

ልጄ የጭነት መርከብ ላይ የሞተር መሐንዲስ ነበር። እኔ ከአባያና ከጫሞ የሚበልጥ ውሃ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። እሱ ግን ባሕር ላይ ሆኖ ይደውልና «እማ፣ ዛሬ የት ነኝ? ገምቺ» ይለኛል። የማውቃቸውን አገሮች ሁሉ እጠራለሁ፤ ስምንትም አይሞሉም። ይስቅብኛል። ሚስቱ ልጅቷ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ነው ያረፈችው። ስለዚህ ልጅቷን ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ያኖራት ደግሞ የእሱ ደመወዝ ነው።

አንድ ጊዜ ለዕረፍት መጥቶ ሙዝ ማሳው ውስጥ ቁጭ ብለን በየወሩ ከደመወዙ ቆርሶ ፈንድ እንደሚገዛ ነገረኝ።

«ፈንድ ምንድን ነው?» አልኩት።

«እማ፣ አያቴ መሬቱ የት የት ነበር?»

አባቴ ከጋሞ ደጋ፣ የካምባ ሰው ነው። እንደ ማንኛውም የእኛ አገር ገበሬ መሬቱ አንድ ቦታ አልነበረም። ላይኛው ደጋ ላይ እንሰትና ገብስ፣ መካከል ላይ በቆሎ፣ ታች ቆላ ደግሞ ጥጥ የሚዘራበት ቁራጭ ነበረው። ልጅ ሆነን እግራችን እስኪያብጥ ከአንዱ ወደ አንዱ ስንወርድና ስንወጣ እንማረር ነበር። ለምን ሁሉንም አንድ ቦታ አያደርገውም እንል ነበር። ውርጭ የደጋውን ገብስ ያቃጠለ ዓመት ግን በጥጡ በላን። ቆላው በድርቅ የተመታ ዓመት ደግሞ እንሰቱ አወጣን። ያኔ ገባኝ።

«ፈንዱም እንደዚያ ነው» አለኝ ልጄ። «በአንድ ጊዜ የብዙ መቶ ኩባንያ ቁራጭ ትገዢያለሽ። አንዱ ሲታመም ሌላው ይሮጣል። እንደ ማንኛውም አክሲዮን በገበያ ይሸጣል፣ ይገዛል። የፈለግሽ ቀን ታወጪዋለሽ።»

«ሊወድቅ አይችልም?»

«ይወድቃል እንጂ። አንዳንድ ዓመት ክፉኛ ይወድቃል። ግን ለረጅም ጊዜ ነው የማስቀምጠው። እሷ አሥራ ስምንት ሲሞላት ትምህርቷን ትጨርስበታለች፣ በእግሯ ትቆምበታለች።»

ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አያትህ ቢሰማህ ደስ ይለው ነበር።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አልቆየም። የሞተሩ ክፍል ውስጥ በደረሰ አደጋ ሞተ። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም፤ ይህን የምጽፈው ስለ እሱ ለማልቀስ አይደለም።

ከወራት በኋላ ልጄ ፈንዱን የገዛበት ኩባንያ ጠበቃ ደብዳቤ መጣ። አንደኛዋን ክፍሌን የተከራየችው የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት፤ ከሰሜን የመጣች፣ ሒሳብ አያያዝ የምታስተምር፣ ቀጭንና ኮስታራ ልጅ። ደብዳቤውን እሷ አነበበችልኝ። ወራሿ ኢትዮጵያ ውስጥ ስለምትኖር ፈንዱ በስሟ ሊዛወር አልቻለም፤ ስለዚህ ተሸጧል፤ ገንዘቡ ይላካል ይላል።

«ተሸጧል?» አልኳት። «ማንን ጠይቀው?»

«የሚጠየቅ ሰው የለም እማማ። ሥርዓቱ ነው።»

እሺ፣ ባዕድ አገር ያለ ጠበቃ ነው፤ እኔን አያውቀኝም። ገንዘቡ አገር ቤት ከመጣ ግን በራሳችን ባንክ፣ በራሳችን ሰው በኩል መልሼ ወደ ነበረበት አስገባዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ፍርድ ቤት ሄጄ የሞግዚትነት ወረቀቴን አወጣሁ። ገንዘቡ በልጅቷ ስም የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ውስጥ ገባ። ስንት እንደሆነ አልናገርም፤ ለሀብታም ትንሽ፣ ለእኛ ብዙ ነው።

የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ የዚሁ አገር ልጅ ነው። አባቱን አውቀዋለሁ፤ እሱንም ንፍጡ ሲዝረከረክ አውቀዋለሁ። ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና የፈለግሁትን ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«እማማ፣ ይህ አይቻልም።»

«ለምን?»

«መመሪያው አይፈቅድም።»

«መመሪያው ለምን አይፈቅድም?»

«እማማ፣ መመሪያ እኮ ነው።»

«ልጄ፣ እኔ የጠየቅሁህ ስሙን አይደለም።»

ሳቀና ወንበሩን አስጠጋ። ደግ ልጅ ነው፤ ቀስ አድርጎ አስረዳኝ። አገር ውስጥ የሚኖር ተራ ሰው ወደ ውጭ ዶላር ልኮ አክሲዮንም ሆነ ፈንድ መግዛት አይችልም። ለሕክምና ይቻላል። ለትምህርት ይቻላል። ነጋዴ ከሆነ፣ ፈቃድ ካለው፣ ዕቃ ማስመጣት ይችላል።

«ምን ዓይነት ዕቃ?»

«የተፈቀደ ዕቃ ሁሉ።»

«ሽቶ?»

«ይቻላል መሰለኝ።»

«ዊስኪ?»

«እማማ!»

«መልስልኝ እንጂ።»

«ነጋዴ ከሆነ... አዎ።»

«እንግዲያው የሚያልቅ ነገር ይገዛል፤ የሚያድግ ነገር አይገዛም ማለት ነው?»

ወረቀት አገላበጠ። እኔም ቀጠልኩ፤ ፈረንጅስ የእኛን አገር አክሲዮን መግዛት ይችላል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አሁን አሁን እየተፈቀደ ነው አለ። ከእኛ ወገን ሆኖ የውጭ ዜግነት ያለውስ? እሱ እንዲያውም ሰፊ መብት አለው፤ ዶላሩን ያስገባል፣ ያወጣል።

«ይቺ ልጅ የሌላ አገር ዜጋ ብትሆን ኖሮ ይቻል ነበር?»

«ያኔማ ሌላ ጉዳይ ነው።»

ያን ቀን ከባንኩ እስከ ቤቴ በእግሬ ነው የሄድኩት። ባጃጅ ውስጥ ብገባ ኖሮ ሾፌሩን እሰድበው ነበር። አባቷ ኢትዮጵያዊ፣ እናቷ ኢትዮጵያዊት፣ እሷ እዚህ ተወልዳ እዚህ የምትማር ልጅ፣ የአባቷን ገንዘብ አባቷ ወዳስቀመጠበት ለመመለስ ዜግነቷን መለወጥ አለባት!

ሥራ አስኪያጁ ምክር ሰጥቶኛል፤ ይህንንም ልጽፍለት ይገባል። ዶላሩን በብር ቀይሬ አገር ውስጥ አክሲዮን እንድገዛ ነው የመከረኝ። አዲስ የአክሲዮን ገበያ ተከፍቷል አለ። መምህርቷን የስንት ኩባንያ አክሲዮን እዚያ እንደሚሸጥ ጠየቅኋት። ገና በጣት የሚቆጠሩ ናቸው አለችኝ። ያደጉ ቀን እንገዛለን፤ ጠላት አይደለሁም። አሁን ግን የልጅቷን ሁሉ ነገር እዚያ ማስገባት ደጋውንም መካከለኛውንም ቆላውንም ሸጦ አንድ ሸለቆ ውስጥ እንደ መዝራት ነው። ኩልፎ ሞልቶ ሙዜን ጠርጎ የሄደበትን ዓመት አልረሳም። ከኔ ማሳ ጋር የጎረቤቶቼም ሄደ፤ አንድ ወንዝ ነዋ! ብሩ ደግሞ ዶላር ለገበያ የተለቀቀ ሰሞን ምን እንደሆነ ማዳበሪያ የገዛ ሰው ሁሉ ያውቃል። ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ስድስት ዓመት ይቀራታል። ስድስት ዓመት ዝም ብሎ የተቀመጠ ገንዘብ እንደ በረዶ ነው፤ እጅህ ላይ እያለ ይቀንሳል።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ ጠየቀችኝ።

«አያቴ፣ የአባቴ ፈንድ አሁን የት ነው ያለው?»

«ባንክ ነው ያለው።»

«አይደለም። ባንክ ያለው ገንዘቡ ነው። ፈንዱን ነው የጠየቅሁሽ።»

አየህ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የለየችውን ነገር ነው እነሱ መለየት ያቃታቸው። ፈንዱ የአባቷ ሐሳብ ነበር። ገንዘቡ የሐሳቡ ሬሳ ነው።

ወሬ ሲቀላ ውስጥ አይደበቅም። በሰፈራችን ስልክ የሚጠግን ሰው ነበር፤ ጫማው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ። ግቢዬ ድረስ መጣ።

«እማማ፣ ባንክ ምን ይሠራል? ዶላሩን ለሕክምና ብለው ያውጡት። እኔ በጎን በስልክ ያንኑ ፈንድ እገዛልዎታለሁ። ትርፉን በየሳምንቱ ስልክዎ ላይ ያዩታል።»

«ማን ታመመ?»

«እንዴ፣ ለወረቀቱ ያህል ነዋ።»

«አንተ፣ እኔ ጤነኛ ነኝ፤ ልጅቷም ጤነኛ ናት። በጓሮ የምገባ ቢሆን ኖሮ ፊት ለፊት ቆሜ ምን አደከመኝ? ውጣ ከግቢዬ።»

ወጣ። ግን ሌሎች በር ከፍተውለታል። ከጎኔ ሙዝ የምትቸረችር ጎረቤቴ የዓመት ቁጠባዋን ሰጠችው። ለተወሰኑ ሳምንታት ስልኳ ላይ ቁጥሩ ሲያድግ እያሳየችኝ «አንቺ እልኸኛ፣ ሕግ ሕግ ስትይ ትቀሪያለሽ» ትለኝ ነበር። ከዚያ ሰውዬው ሱቁን ዘጋ፣ ስልኳ ላይ ያለውም ቁጥር ጠፋ። ጎረቤቴ ሦስት ቀን ከቤት አልወጣችም። እኔ አልሳቅሁባትም። በዚያ የተናደድኩት በእሷ አይደለም።

አሁን ደግሞ የራሴን ስሕተት ልጻፍ። እውነት የምጽፍ ከሆነ እሱም ይግባ።

በእኛ ዘንድ ሰው አልሰማ ሲል ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌ የሄደበት ቤት እንዲሁ አይመልሰውም። ሥራ አስኪያጁ የኛ ልጅ ስለሆነ ከቤተ ክርስቲያናችን ሦስት ሽማግሌዎች ለመንኩ። እሁድ ከአምልኮ በኋላ በሚኒባስ ተሳፍረን ላይኛው ከተማ ሴቻ ወዳለው ቤቱ ወጣን። ባለ ጉዳዩ አይገባም፤ እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ። አጥሩ ቆርቆሮ ስለሆነ ሁሉም ነገር ይሰማል።

ሽማግሌ ጉዳዩ እሺ ሳይባልለት አይቀመጥም። ሦስቱም ሳሎኑ መካከል ከነዱላቸው ቆሙ።

«አባቶች፣ እባካችሁ ቁጭ በሉ» ይላል ሥራ አስኪያጁ።

«አንቀመጥም። ትልቅ ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው። እሺ ካላልከን አንቀመጥም።»

ሚስቱ ከጓዳ ስትወጣ ድምፅዋ እኔ ዘንድ ደረሰ። «እናንተ ሰዎች! ልጃችን ገና ዘጠነኛ ክፍል ናት! አታፍሩም? በየትኛው ዘመን ነው ያላችሁት?»

ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ፣ ጆሮአቸው ትንሽ የከበደ ናቸው፣ «የምን ልጅ? እኛ የመጣነው ለዶላር ነው» አሉ።

«ዶላር?» ሥራ አስኪያጁ ጮኸ። «እኔ ቤት ዶላር የለም! ማነው እኔ ቤት ዶላር አለ ያላችሁ?»

እኔ ከአጥሩ ውጭ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ አለቀሰች፣ አንድ ጊዜ ሳቀች። በመጨረሻ ሲገባው ሥራ አስኪያጁ ድምፁ ለስለስ አለ።

«አባቶቼ፣ እኔ እሺ ብላችሁ ምን ዋጋ አለው? እኔ እሺ ብል ኮምፒውተሩ እሺ አይልም።»

«ኮምፒውተሩ ጌታው ማነው? እሱ ዘንድ እንሂድ።»

«አዲስ አበባ ነው።»

«አዲስ አበባ የት? ቤቱን ንገረን።»

«እሱን እኔም አላውቅም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያ ሦስቱም ተቀመጡ። በዕድሜያቸው ሙሉ እሺ ሳይባሉ ሲቀመጡ ያ ቀን የመጀመሪያቸው ነው አሉኝ በኋላ። ስሕተቴም ያኔ ገባኝ። ሽማግሌ የሚላከው ሰው ዘንድ ነው። ይህ ነገር ግን ሰው የለውም። ሁሉም ወደ ላይ ይጠቁማል፤ ላይ ሲደረስ ማን እንደተቀመጠ የሚያውቅ የለም።

ያም ሆኖ ሥራ አስኪያጁ አፈረ መሰለኝ፣ ሰኞ ዕለት ጠርቶኝ ማመልከቻ ብጽፍ በዋናው መሥሪያ ቤት በኩል ደንቡን ወዳወጣው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንደሚያደርሰው ነገረኝ። ጻፍኩ። የልጅቷ ደብተር ላይ ሦስት ገጽ በራሴ እጅ ጻፍኩ። መምህርቷ ልታሳጥረው ፈለገች።

«እማማ፣ የመሥሪያ ቤት ማመልከቻ አንድ ገጽ ነው። ስለ ኩልፎ ጎርፍና ስለ አባትዎ ማሳ ምን ያደርግላቸዋል?»

«ፊደሉን አስተካክይ። ማሳውን ተይው።»

ከአራት ወር በኋላ መልስ መጣ። ማኅተሙ ከጽሑፉ ይበልጣል። «በሥራ ላይ ባለው የውጭ ምንዛሪ መመሪያ መሠረት ጥያቄዎ ተቀባይነት የሌለው መሆኑን እንገልጻለን» ይላል። በቃ። ሦስት ገጽ ሙሉ ለምን ብዬ ጠይቄ ነበር። አንድ መስመር ተላከልኝ፤ በእሷም ውስጥ «ምክንያቱም» የሚል ቃል የለም። ሥራ አስኪያጁ አዘነ። እኔ ግን ደብዳቤውን ላስቲክ ውስጥ አድርጌ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስቀመጥኩት።

በዚያው ዓመት ከክረምቱ በፊት መምህርቷ ማታ ከሥራ ስትመለስ፣ ሴቻ ባለ አንድ ሆቴል ስለ ካፒታል ገበያ ለኅብረተሰቡ ትምህርት የሚሰጡ ሰዎች ከአዲስ አበባ እንደሚመጡ ነገረችኝ። እሷ ተጋብዛለች።

«ከየትኛው መሥሪያ ቤት?»

ነገረችኝ። ደብዳቤዬ ላይ ያለው ማኅተም የእነሱ ነው።

በማግስቱ የእሁድ ልብሴን ለብሼ፣ ደብዳቤውን ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ አስቆመኝ።

«እማማ፣ ስብሰባ ነው ያለው።»

«ለስብሰባው ነው የመጣሁት።»

«ተጠርተዋል?»

«ገንዘቤን ጠርተውታል። ያለ እኔ አይመጣም።»

ሳቀና አሳለፈኝ። አዳራሹ በወጣት ሞልቷል፤ ተመራቂዎች፣ የባንክ ሠራተኞች፣ የዞኑ ቢሮ ሰዎች። መድረክ ላይ ጠጉሩ የሸበተ፣ ጨዋ የሚመስል ኃላፊ በግድግዳው ላይ ሥዕል እያበራ ያስተምራል። ጥሩ አስተማሪ ነው። ሁሉም ነገር ገባኝ። በተለይ አንዱን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ነው ያለው፤ ገንዘባችሁን አንድ ቦታ አታከማቹ፣ በትኑት፣ የተለያየ ዘርፍ ውስጥ አስገቡት፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይደግፋችኋል። በጎኔ የተቀመጠች ልጅ ጻፈችው። እኔ መጻፍ አላስፈለገኝም።

ጥያቄ ሲባል እጄን አወጣሁ። ማይክሮፎኑን ለወጣቶቹ ነው የሚያዞሩት፤ ስለዚህ ተነስቼ ቆምኩ። ቆሜ ስቆይ ሰጡኝ። በመጀመሪያ በጋሞኛ ሰላምታ አቀረብኩ፤ ግማሹ አዳራሽ መለሰልኝ። ከዚያ በአማርኛ እዚህ የጻፍኩትን ሁሉ አሳጥሬ ተናገርኩ። ደብዳቤውንም አነበብኩት። «ጌታዬ፣ በትኑ ብለው አስተማሩን። እኔ ልበትን ስል የከለከለኝ የእርስዎ ማኅተም ነው። ምክንያቱን ንገሩኝ።»

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ። «እናታችን፣ አገራችን የውጭ ምንዛሪ እጥረት አለባት። ሁሉም ሰው ዶላሩን ወደ ውጭ ቢያወጣ ምን ይሆናል?»

ይህን ነጥብ አልናቅሁበትም፤ አስቤበት ነው የመለስኩት። «ኩልፎ ላይ መስኖ አለን። በበጋ ውሃው ያንሳል። ያኔ ተራ እንይዛለን። ሰፊ ማሳ ያለው ረጅም ተራ ያገኛል፣ ጠባብ ማሳ ያለው አጭር ተራ ያገኛል። ግን ማሳሽ ጠባብ ነውና ለዘላለም ውሃ አታገኚም የሚባል ሰው የለም። እንዲህ የሚል፣ ተራ የሚደለድል የውሃ አባት ቢነሳ በአካፋ እናባርረዋለን። የእኔን የዓመት ተራ አሳጥሩት። ትንሽ ትንሽ ልላክ። ተራ የለሽም ግን አትበሉኝ። ደግሞም ዶላሩ ከእናንተ ቦይ የመጣ አይደለም።»

ከኋላ ወጣቶች አጨበጨቡ። ኃላፊው ፈገግ አለና እጁን አነሳ።

«ሁለተኛው ምክንያት ጥበቃ ነው። ትንንሽ ቆጣቢዎች በማያውቁት የውጭ ገበያ እንዳይጭበረበሩ...»

«የት ነው የተጭበረበርነው? እዚሁ ነው!» አልኩ። ስለ ስልክ ጠጋኙና ስለ ጎረቤቴ ነገርኩት። «የታወቀውን፣ ቁጥጥር ያለበትን፣ ልጄ በሥርዓት የገዛውን ዘጋችሁብን። ሌባው ግን በሩን ከፍቶ ጠበቀን። ጎረቤቴን ከማን ጠበቃችኋት?»

«በልዩ ፈቃድ የሚስተናገዱ ድርጅቶች አሉ...»

«እኔ ስንት ሲኖረኝ ነው የምስተናገደው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱ አልሳቀም። ሰዓቱን አይቶ የሻይ ዕረፍት ነው አለ።

ሰዉ ወደ ሻዩ ሲንጋጋ ኃላፊው ከመድረክ ወርዶ ወደ ተቀመጥኩበት መጣ። ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለኝ።

«እዚህ አይንገሩኝ።»

«ለምን?»

ነገርኩት። በእኛ አገር ዱቡሻ የሚባል የሸንጎ ሜዳ አለ። በልጅነቴ ከዳር ሆኜ ነው የምሰማው፤ ሴት መካከል አትገባም ነበር። እሱንም በጊዜው ተከራክሬበታለሁ። የዱቡሻ ደንብ ግን አንድ ደግ ነገር አለው። በሰው ፊት የተጠየቀ በሰው ፊት ነው የሚመልሰው። በጆሮ የተነገረ መልስ እንዳልተነገረ ይቆጠራል። «እኔ በማይክሮፎን ነው የጠየቅሁዎት» አልኩት። «እነዚህ ልጆች ሰምተውኛል። መልሱንም ይስሙ።»

የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። ከፊት ተቀምጣ የነበረችው መምህርቷ መጥታ ክንዴን ያዘች፤ «እማማ፣ በቃ እንሂድ» አለችኝ። አልተነሳሁም። ሰዎቹ የሻይ ብርጭቋቸውን ይዘው መመለስ ጀመሩ። ኃላፊው ወደ መድረኩ ወጣ። የሚቀጥለው ሥዕል ግድግዳው ላይ በርቷል፤ አጠፋው። ማይክሮፎኑን አነሳ።

«ቅድም የጠየቁን እናት መልስ ይገባቸዋል» አለ። «ይህን ደንብ ካረቀቁት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ስናረቅቅ ስለ ባንኮች ተነጋግረናል፣ ስለ ትልልቅ ነጋዴዎች ተነጋግረናል፣ ገንዘብ ስለሚያሸሹ ሰዎች ብዙ ቀን ተነጋግረናል። የሞተ ልጇን ቁጠባ ለልጅ ልጇ ስለምትጠብቅ አያት ግን አንድም ቀን አላነሳንም። የተከለከሉበት ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ። ደንቡ እስኪሻሻል ድረስም አይቻልም።»